ቁርጭምጭሚቴን የያዘው እጅ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ፓስተራችንን «ትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ» ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ብዙዎቻችሁ በክራንች ስገባና ስወጣ አይታችሁኛል። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እኔ «አደጋ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን በእናንተ ፊት ሳልናገር ከዚህ ከተማ መሄድ አልቻልኩም። ሰው ፊት መናገር ለምጄ አላውቅም፤ ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ታገሡኝ።

ስሜ ትዕግሥት ይባላል። የተወለድኩት ኮንጋ ነው፣ ይርጋጨፌ አጠገብ። አባቴ ቡናና እንሰት ያለው ገበሬ ነው፤ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። ስለዚህ መዝሙር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ወገኖቼ፣ በጌታ ቤት ማደግና ጌታን ማወቅ አንድ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ እናቴ ታመመች። ሆዷ ውስጥ እባጭ ነበር። ምእመኑ በሙሉ ጾመላት፣ ጸለየላት። ከኢዲዶ መንደር ሳይቀር በእግራቸው መጥተው እጅ የጫኑባት ወንድሞች ነበሩ። አባቴ አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ በቋንቋችን በጌዴኡፋ ሲጸልይ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እናቴ እንደምትድን እኔ ጥርጥር አልነበረኝም። የቡና ለቀማ በተጀመረ ሰሞን ሞተች።

ከቀብር መልስ አንድ ዘመዳችን ጭንቅላቴን እየዳበሰ «እግዚአብሔር ወዷት ወሰዳት» አለኝ። እኔም በልቤ «እኛስ አንወዳትም ነበር?» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጸለይኩም። ለአባቴ ስል እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፣ ሰው ሲቆም እቆማለሁ፣ ሰው ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። አፌ ይዘምራል። ልቤ ግን በሩን ዘግቶ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኳንቲቲ ሰርቬይንግ ደረሰኝ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንኳን አላውቅም ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ አንድ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ስንት ሜትር ኩብ አፈር እንደሚወጣ፣ ምን ያህል ብረትና ሲሚንቶ እንደሚገባ ከፕላኑ ላይ የሚያሰላ፣ ሲሠራም እየለካ የሚያረጋግጥ ባለሙያ ነው። ትምህርቱን ወደድኩት። የወደድኩበትም ምክንያት ነበረኝ። ርዝመቱን በስፋቱ፣ ያንንም በጥልቀቱ ስታባዙት መልሱ ይመጣል። መልሱ እንዲመጣ ጾሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። እኔም «ከእንግዲህ የምይዘው የሚለካውን ነው» ብዬ ወሰንኩ።

ዶርም አብራኝ የምትኖር ራሔል የምትባል እህት ነበረች፤ ዛሬም እዚህ መካከላችን አለች። የወላይታ ሶዶ ልጅ ናት። በየሳምንቱ ወደ ተማሪዎች ፌሎሺፕ ስትሄድ ትጠራኛለች።

«ነይ እንጂ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«ራሔልዬ፣ አሳይመንት አለብኝ።»

«አሳይመንትሽ አያልቅም?»

«አያልቅም።»

አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ቆም ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እሺ፣ አልጨቀጭቅሽም። እኔ ግን ስምሽን እየጠራሁ እጸልያለሁ። እሱን ልትከለክይኝ አትችይም።» ሳቅኩባት። ጌታ ይባረክ፣ ሳቄን አልቆጠረብኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አራተኛ ዓመት ላይ ተማሪ ሁሉ ለተግባር ልምምድ ግንባታ ሳይት ይወጣል። እኔና በረከት የሚባል የክፍሌ ልጅ እዚሁ ዲላ፣ ተዳፋት ቦታ ላይ የሚሠራ ፎቅ ደረሰን። በረከት የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ ኦርቶዶክስ፣ ማተቡን ከአንገቱ የማይለይ። ጨዋታ ያውቃል። ሳይቱ ላይ ያሉትን የቀን ሠራተኞች ሁሉ በስማቸው ይጠራቸው ነበር።

ሕንፃው ከተዳፋቱ በኩል አፈር የሚይዝለት ግድግዳ ስላለው፣ የግድግዳው መሠረት ጥልቅ ሆኖ ተቆፍሯል። ቦዩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚወረደውም በመሰላል ነው። የወጣው አፈር አፋፉ ላይ ተከምሮ ነበር፣ ጎንና ጎኑም በእንጨት አልተደገፈም። በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቁፋሮ መደገፍ እንዳለበት ተምረናል። ፎርማኑን ጋሽ ታደሰን ስንጠይቃቸው «ለኮንትራክተሩ ነግሬያለሁ፣ አጣናው ይመጣል እያሉኝ ነው» አሉን። ቀይ አፈራችንን ታውቁታላችሁ። ደረቅ ሲሆን ድንጋይ ይመስላል። ያን ሰሞን ግን ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር።

በዚያ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ጋሽ ታደሰ «ድንጋይ ካቢዎቹ ከመግባታቸው በፊት የቁፋሮውን ልክ ቶሎ ውሰዱና ውጡ» አሉን። ወረድን። በረከት ጎንበስ ብሎ የሜትሩን ጫፍ ከታች ያዘ፤ እኔ ቆሜ ከላይ አነባለሁ። ከጎኑ አንድ ባሬላ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ድንጋይና አፈር የሚሸከምበት የእንጨት ቃሬዛ ማለቴ ነው።

«ስንት አለ?» አለኝ በረከት።

ቁጥሩን ልነግረው አፌን ስከፍት ከኋላዬ ትንንሽ ጓል ሲንኮታኮት ሰማሁ። ዞር ለማለት ጊዜ አላገኘሁም። የሞላ ጆንያ ከመኪና ሲወረወር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ ጨለማ ሆነ፤ አፌ አፈር ሞላ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማዩ ይታየኛል። አፈሩ እስከ ደረቴ ውጦኛል። ቀኝ እጄ ውጭ ነው፣ ግራው ተቀብሯል። ለመተንፈስ ስሞክር ደረቴ አይነሳም፤ ሰው ተቀምጦብኝ ይመስል ነበር። በረከት የነበረበትን ቦታ አየሁ። አፈር ብቻ ነው። ቀይ፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልነካው የሚመስል አፈር።

ሰዎች እየጮኹ መጡ። ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ዘለው የወረዱት እሳቸው ናቸው። አንዱን ሠራተኛ ጨምረው በብብቴ ሥር ያዙኝና መሳብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ። ከታች፣ ከአፈሩ ሥር፣ አንድ እጅ የግራ እግሬን ቁርጭምጭሚት ጨምድዶ ይዞታል።

«አትሳቡኝ» አልኳቸው። ድምፄ አልወጣም። እንደገና «አትሳቡኝ፣ በረከት ሥሬ ነው፣ እግሬን ይዞታል» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ። እኔም አየሁ። የቀረው ግድግዳ አናቱ ላይ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ውስጥ የሣር ሥር ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አሉኝ። «ያ ከወረደ ሁለታችሁንም ይጨርሳችኋል። አንቺን አሁኑኑ ማውጣት እንችላለን።»

«እኔ ከወጣሁ አፈሩ እኔ የነበርኩበት ውስጥ ይገባል። እሱ ያለበትም ይጠፋችኋል። በሕይወት አለ፣ ጋሼ። ይጨብጠኛል።»

ወገኖቼ፣ ይህን ያልኩት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ፈርቼ ነበር። አውጡኝ ብዬ መጮኽ ፈልጌ ነበር። ግን ያ እጅ ይጨብጠኝ ነበር። ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ይጨብጣል። እኔም የእግሬን ጣቶች በጫማዬ ውስጥ አንቀሳቅሳለሁ፣ «አለሁ» ለማለት። እንደዚያ እየተነጋገረ ያለን ሰው ጥዬ እንዴት ልውጣ?

ጋሽ ታደሰ አልተከራከሩኝም። «አካፋ እንዳይነካት፣ በእጅ» ብለው ትዕዛዝ ሰጡ። ከላይ ያሉት አፋፉ ላይ የተከመረውን አፈር ወደ ሌላ ቦታ ማራቅ ጀመሩ። ሌሎቹ ከጎረቤት ግንባታ አጣና ለምነው እየሮጡ አመጡ፤ አንዱ የመጋዘኑን የቆርቆሮ በር ገንጥሎ መጣ። በሩን ስንጥቁ ላይ አስደግፈው በአጣና ወጠሩት። ሁለት ሰዎች አጠገቤ ተንበርክከው አፈሩን በጥፍራቸው እየዛቁ በባልዲ ያወጣሉ። አየለች የምትባል ድንጋይ የምታቀብል ሠራተኛ ነበረች፤ ከፊቴ ተንበርክካ ውጭ የቀረውን እጄን ያዘች። ከከንፈሯ ላይ ጸሎት አይጠፋም፤ ድምፅ ግን የለውም።

በመካከል የግድግዳው ቁራጭ እንደገና ወረደ። በሩ ያዘው፣ ግን አፈሩ በጎን አምልጦ እስከ ትከሻዬ መጣ። የሚቆፍሩት ሰዎች ዘለው ሸሹ። አየለች አልሸሸችም፣ ፊቴን በቀሚሷ ሸፈነችው። ሰዎቹ ተመለሱና የቆፈሩትን እንደ አዲስ መቆፈር ጀመሩ። ደረቴ ይበልጥ ጠበበ። ስናገር ቃል በቃል ብቻ ሆነ።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። እግሬ ደነዘዘ። መጀመሪያ መውጋት፣ ከዚያ ማቃጠል፣ ከዚያ ምንም። ከጉልበቴ በታች እግር እንዳለኝ አላውቅም። የበረከት እጅ ይኑር፣ አይኑር፣ ይጨብጠኝ፣ ትቶኝ ይሁን፣ ማወቅ አቃተኝ።

ጋሽ ታደሰ «ይዞሻል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ትዕግሥት፣ አሁንም ይዞሻል ወይ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። አይሰማኝም።»

የሚቆፍሩት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።  ያ መተያየት ገባኝ። ለሞተ ሰው ብለን ይቺን ልናጣ ነው ማለታቸው ነው።  ሰው አለ ያልኩት እጁ ስለተሰማኝ ነበር፤ አሁን የምይዘው ማስረጃ የለም። የምለካው፣ የምቆጥረው፣ የምዳስሰው ሁሉ አለቀ።

ቅዱሳን፣ እዚያ ነው አፌን የከፈትኩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያማረ ጸሎት አልነበረም። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ጌታ ሆይ፣ ስለ እናቴ ለምኜህ ዝም ብለኸኛል። ተቀይሜሃለሁ። ዛሬም ዝም ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን እኔ በረከትን አላየውም፣ አንተ ታየዋለህ። እኔ አልደርስበትም፣ አንተ ትደርስበታለህ። እኔንም ከፈለግህ ውሰደኝ። እሱን እዚያ ታች ብቻውን አትተወው።»

ድምፅ አልሰማሁም። ብርሃን አላየሁም። ሰምቻለሁ ብዬ ብዋሻችሁ ጌታ አይከብርበትም። ነገር ግን ጸሎቱን ስጨርስ አንድ ነገር ሆነ። ፍርሃቱ እዚያው ነው፣ አፈሩ እዚያው ነው፤ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ይህን ከዚህ በተሻለ መናገር አልችልም። ለዓመታት ጀርባዬን የሰጠሁት ሰው ከኋላዬ ሳይሄድ ቆሞ ኖሮ፣ ዞር ስል እዚያው እንዳገኘሁት ዓይነት ነበር። ስሙ ይባረክ።

«አለ» አልኳቸው። «ቆፍሩ።»

«ተሰማሽ?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

«አልተሰማኝም። ግን አለ። እባካችሁ ቆፍሩ።»

ጋሽ ታደሰ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁና ራሳቸው ተንበርክከው በእጃቸው መዛቅ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

መጀመሪያ ያገኙት የባሬላውን እንጨት ነው። ባሬላው ሲወድቅ በረከት ራስ ላይ እንደ ጣራ ተደፍቶ፣ ፊቱ ፊት ለፊት ትንሽ ክፍት ቦታ አስቀርቶለት ነበር። እንጨቱን ሲያነሱት ፊቱ ታየ። አመድ መስሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጋሽ ታደሰ በጣታቸው አፉን ጠረጉ፣ ደረቱን ነጻ አወጡለት፣ ጉንጩን መቱት። ምንም የለም። እንደገና መቱት። 

ከዚያ ሳለ። ወገኖቼ፣ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ሳል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ክብር ለጌታ ይሁን።

እሱን ሊያወጡት ሲሉ ግን እጁ አልመጣ አላቸው። ወደ እግሬ ወርደው አዩ። ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው «አልለቀቀሽም» አሉኝ፤ ዕንባቸው በአቧራው ላይ መንገድ ሠርቶ ነበር። ራሱን ስቶ እያለ እንኳን ቁርጭምጭሚቴን አልለቀቀም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው ያላቀቁን። እኔ አልተሰማኝም ነበር። እጁ ግን እዚያው ነበር።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ዲላ ያለው ሆስፒታል ወሰዱን። በረከት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ እዚያው ተኛ። የእኔ ግራ እግር ግን እንደ ግንድ አብጦ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ቀዝቅዟል። ሽንቴ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ሲወጣ ሐኪሞቹ ተጠራርተው በአምቡላንስ ወደ ሐዋሳ ላኩኝ። ራሔል አስታማሚ ሆና አብራኝ ገባች። መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሜን እየጠራች ጸለየች። ይህን ጊዜ አልሳቅኩባትም።

ሐዋሳ የተቀበሉኝ ዶክተር ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ነገር የማያድበሰብሱ። እግሬን አገላብጠው አዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ጡንቻው ለረጅም ጊዜ ታፍኖ ቆይቷል። እብጠቱ የደም ሥሩን ዘግቶታል። አሁን ቆዳውን ከፍተን እናስተነፍሰዋለን። ደሙ ከተመለሰ ጥሩ። ካልተመለሰ ግን ከጉልበትሽ በታች መቁረጥ ሊኖርብን ነው። ካልቆረጥነው መርዙ ኩላሊትሽን ያቆመዋል፣ ያን ጊዜ የምናጣው እግርሽን ብቻ አይሆንም።»

«መቼ ነው የምታውቁት?»

«ነገ ጠዋት አየዋለሁ። ከነገ በላይ መጠበቅ አልችልም።»

አባቴ ያን ቀን ማታ፣ ቆዳው ተከፍቶ ወደ አልጋዬ ከተመለስኩ በኋላ፣ ከኮንጋ ደረሰ። ከቤት እስከ አስፋልቱ በሞተር፣ ከዚያ በሚኒባስ። የለበሰው የማሳ ልብሱን ነው፤ ቦት ጫማው ላይ ጭቃ አለ። አባቴ አማርኛው ብዙ አይደለም፣ ከዶክተሩ ጋር ሲነጋገር ቃል ያጥረዋል። ራሔል በቀላል አማርኛ ቀስ ብላ አስረዳችው። ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ አልጋዬ መጣ። ከዚያ ተንበርክኮ «ማገኖ» ብሎ ጀመረ። ማገኖ በእኛ ቋንቋ እግዚአብሔር ማለት ነው።

ያ ድምፅ፣ ያ መንበርከክ፣ እናቴ አልጋ ሥር የሰማሁት ራሱ ነበር። 

«አባዬ» አልኩት በጌዴኡፋ። «እማዬ ስትታመም እንዲህ ነበር የጸለይከው።»

«አዎ።»

«ሞተች።»

«አዎ። ሞተች።»

«ታዲያ ለምን አሁንም ትጸልያለህ?»

ራሔል ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ወጣች። አባቴ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። 

«ልጄ፣ ለምን እንደሞተች አላውቅም» አለኝ። «ብዙ ጠይቄዋለሁ። አንቺ አታውቂም እንጂ ቡናው ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ጮኼበታለሁ። አልመለሰልኝም። ግን ጮኼ ስጨርስ የማናግረው ሌላ ሰው ፈለግሁና አጣሁ። እናትሽ የለችም። ሐዘኔን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ተመልሼ ወደ እሱ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ አብረን አለን።»

ይህን ያለኝ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አባቴ ነው። በእግዚአብሔር ላይ የጮኸ መሆኑን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ እምነቱ እንደ ድንጋይ ጠንካራ፣ የእኔ ግን የተሰበረ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ዓይነት ሐዘን ይዘን በአንድ ቤት ውስጥ ለየብቻችን ኖረናል።

ጉድጓዱ ውስጥ የጸለይኩትን ነገርኩት። ሲሰማ አለቀሰ፤ አባቴ በቀብር ቀን እንኳን ሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው ነው። ከዚያ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «ጠርተሽዋል፣ መጥቷል። አስገቢው።» እዚያው አልጋ ላይ፣ እጄን ይዞ፣ ሕይወቴን ለጌታ ለኢየሱስ ሰጠሁ። የአባቴን ጌታ የእኔ ጌታ አደረግሁት። እናም እንዲህ ብዬ ጨረስኩ፦ «እግሬን ብታድንልኝ አመሰግንሃለሁ። ብትወስደውም ካንተ አልለይም።» አሜን ለማለት ጊዜ ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም የምለው ነገር እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ዶክተሩ ከነተማሪዎቻቸው መጡ። አባቴን ውጭ ላኩት። ፋሻውን ፈቱ። እኔ ፊታቸውን ብቻ ነው የማየው። የእግሬን አውራ ጣት ጥፍር ተጭነው ለቀቁት፣ ደሙ ይመለስ እንደሆነ አዩት።  እንደገና ተጭነው ለቀቁት። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ በእግሬ ላይ አሳረፉ፤ አላነሱትም።

«ሲስተር፣ አንቺም ንኪው እስቲ» አሉ።

ሲስተሯ ነካችው። «ሞቋል፣ ዶክተር» አለች።

«ሽንቷስ?»

«ከጠዋት ጀምሮ እየጠራ ነው።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት በዚህ እግር ላይ ተስፋ አልነበረኝም፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ» አሉኝ። «ዛሬ አንቆርጥም። እንጠብቃለን።»

ዛሬ አንቆርጥም። ወገኖቼ፣ ያቺን ቃል ያዝኳት። ዶክተሩ ቆዳውን ከፍተው የሚችሉትን አድርገዋል፤ እጃቸውን ጌታ ይባርክ። እኔ ሐኪም አያስፈልግም አልልም፤ ማንም ከዚህ ምስክርነት ወጥቶ መድኃኒቱን እንዳይጥል። ግን ዶክተሩ ራሳቸው ተስፋ ያልነበራቸውን እግር ማን እንዳሞቀው እኔ አውቃለሁ። ሃሌሉያ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። ቁስሉ እስኪዘጋ፣ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ እስኪለጠፍ፣ እንደ ሕፃን መራመድ እስክለምድ ብዙ አለቀስኩ። አንድ ዓመት ትምህርት አቋረጥኩ። የእግሬ ውጫዊ ጎን እስከዛሬ ይደነዝዛል፣ ብርድ ሲሆን ያመኛል፣ እንደምታዩት አነክሳለሁ። ሙሉ በሙሉ ድኜያለሁ አልላችሁም። ቆሜያለሁ እላችኋለሁ።

ጌታ ይመስገን፣ ተመልሼ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ተመረቅሁም። በረከትም ተመርቋል። የእሱን ታሪክ እሱ ይናገረው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ስለት አስገብቷል፣ እኔም ሄጄ ውጭ ቆሜ አብሬው አመሰገንኩ። ዛሬ ደግሞ እሱ እኔን ሊሰማ መጥቶ እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

አሁን ልጨርስ። በዚህ መካከል ጾማችሁ ጸልያችሁ የቀበራችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ማብራሪያ የለኝም። እናቴ ለምን እንደሞተች ዛሬም አላውቅም። እኔ የማውቀው ጀርባዬን ሰጥቼው እያለሁ ያልተወኝን ጌታ ነው። ተቀይማችሁት ከሆነ መቀየማችሁን ለራሱ ንገሩት። ይሰማል። የሚያምር ቃል እስክታገኙ አትቆዩ።

ከዲላ የምሄደው ነገ ነው። ሐዋሳ ሥራ አግኝቻለሁ፤ በሙያዬ፣ አንድ ሕንፃ ሳይት ላይ። የመሠረቱ ቁፋሮ አልቋል፣ ጎኑም በደንብ እንደተደገፈ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ወርጄ መለካት ነው። ከአደጋው ወዲህ ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሳይቱን ሊያሳዩኝ ሲወስዱኝ አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁና መሰላሉን ሳልነካ ተመለስኩ። ዛሬም እፈራለሁ።

ግን እወርዳለሁ። ፍርሃቴ ስለለቀቀኝ አይደለም፤ አብሮኝ የሚወርድ ስላለ ነው። እናንተም ወገኖቼ፣ ፍርሃታችሁ እስኪያልቅ አትጠብቁ። እየፈራችሁ ኑ። እሱ እንዲያ ያለውን ሰው ይቀበላል፤ እኔን ተቀብሎኛልና። ስሙ ለዘላለም የተባረከ ይሁን። አሜን።